ልጅ ያቦካው ለራት ባይበቃም

ባለፈው እሑድ እህቴ ቤት ነበርኩ። እህቴ ድፎ ዳቦ ልትደፋ ሊጥ ታቦካለች። የአራት ዓመቱ ልጇ ከቡሃቃው አጠገብ ቆሞ፣ እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቦ፣ «እኔም ላቡካ» ይላል። እህቴ ቀና እንኳ ሳትል እናታችን ለእኛ ትለን የነበረውን ደገመችለት፦ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም። ይልቅ ሂድና የቤት ሥራህን ጨርስ።»

የቤት ሥራው አንድ ገጽ ሙሉ «ሀ»፣ ሌላ አንድ ገጽ ሙሉ ደግሞ የእንግሊዝኛው «ኤ» ነው። ልጁ እርሳሱን ሦስት ጊዜ ሰበረ፤ ሦስት ጊዜ ቀረጽኩለት። በአራተኛው ደብተሩ ላይ ራሱን ደፍቶ ተኛ።

መቼስ «ታዲያ ምን ይጠበስ? እኛም እንዲሁ ነው የተማርነው» የሚል አይጠፋም። እኔም እንደዚያው ብዬ አልፌው ነበር። የገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የልጁ ትምህርት ቤት ውድ ነው። በሩ ላይ «ሞንቴሶሪ» የሚል ቃል በትልቁ ተጽፎበታል። የወላጆች ቀን ሲሆን ከእህቴ ጋር ሄጄ ነበር። ክፍሉ ጥግ ላይ ባለ መስታወት ቁምሳጥን ቆሟል፤ ውስጡ ሮዝ ቀለም የተቀቡ የእንጨት ኪዩቦች ከትልቅ እስከ ትንሽ አምረው ተደርድረዋል። ቁምሳጥኑ ተቆልፏል። «ልጆቹ እንዳያበላሹት ነው» አለችን መምህርቷ፣ በትሕትና።

ቤት እንደገባሁ የዚያን የተቆለፈ ዕቃ ታሪክ ማንበብ ጀመርኩ። ማን ሠራው? ለማን ሠራው? ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። (ኢትዮጵያን ካልጠቀስኩ በቀር ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጫካ የወጣው ልጅ

ነገሩ የሚጀምረው ማንም ተስፋ ካልጣለበት ልጅ ነው። በ1800 መጀመሪያ ደቡብ ፈረንሳይ፣ አቬሮን በሚባል አካባቢ፣ አንድ ልጅ ከጫካ ወጣ። ዕድሜው አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሁለት ይሆናል ተብሎ ተገመተ። አይናገርም፤ ሲጠሩት አይዞርም። የዘመኑ ስመ ጥር ሐኪም ፊሊፕ ፒኔል መረመረውና ምንም አይሆንለትም ብሎ ደመደመ።

አንድ ወጣት ሐኪም ግን እምቢ አለ። ዣን ኢታር ይባላል፤ ፓሪስ ውስጥ መስማት ለተሳናቸው በተቋቋመ ትምህርት ቤት ይሠራ ነበር። ለልጁ ቪክቶር የሚል ስም አወጣለት። የኢታር ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ ወደ አእምሮ የሚገባው በስሜት ሕዋሳት በኩል ስለሆነ መጀመሪያ ቆዳውን፣ ጆሮውን፣ ዓይኑን፣ አፍንጫውን መቀስቀስ ያስፈልጋል። ቪክቶር ብርድ አይሰማውም ነበር፤ ራቁቱን በረዶ ላይ ይቀመጣል። ኢታር በየቀኑ ለረጅም ሰዓት በሙቅ ውሃ ያሳጥበው ጀመር። ከጊዜ በኋላ ልጁ ገንዳው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ጣቱን ነክሮ መሞከር ያዘ፤ ውሃው ካልሞቀ አልገባም አለ። ሐኪሙን በደስታ ያዘለለው ይህች የጣት ሙከራ ናት።

ቀጥሎ ቅርጾች መጡ፤ ከዚያ በእጅ የሚያዙ ፊደላት። ቪክቶር በፈረንሳይኛ «ወተት» የሚለውን ቃል የሚሠሩትን አራት ፊደላት መደርደር ቻለ። አንድ ቀን ወተት ወደሚሰጡት ሰዎች ቤት ሲሄድ አራቱን ፊደላት ራሱ ይዞ ሄደና ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። መናገር ያቃተው ልጅ በእጁ ጠየቀ ማለት ነው።

ቪክቶር እስከ መጨረሻው ንግግር አልሆነለትም። ኢታር ከአምስት ዓመት ያህል ድካም በኋላ አልተሳካልኝም ብሎ ተወው፤ ልጁም ማዳም ጌራን የምትባል ደግ ሴት እየተንከባከበችው ኖሮ በ1828 ሞተ። የኢታር ማስታወሻ ግን አልሞተም። ተማሪው ኤዱዋር ሴጋን ዘዴውን ይዞ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ወዳለባቸው፣ በየጥገኝነት ቤቱ ተጥለው ወደነበሩ ልጆች ሄደ። ልምዱን በ1846 በትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ ከአምሳ ዓመት በኋላ ትክክለኛዋን አንባቢ ያገኛል፤ እንመለስበታለን።

ድንጋይ የሚደረድረው ሰው

ሴጋን ፓሪስ ላይ ሲለፋ ጀርመን አገር ውስጥ ሌላ ሰው በሌላ መንገድ ወደዚያው ሐሳብ እየተጠጋ ነበር። ፍሪድሪክ ፍሩብል በ1782 ተወለደ፤ ዓመት ሳይሞላው እናቱ ሞተችበት። ወጣት ሳለ የደን ሥራ ተማረ። ከ1808 እስከ 1810 ስዊዘርላንድ ሄዶ ፔስታሎዚ ዘንድ ቆየ። ፔስታሎዚ የጦርነት ወላጅ አልባ ልጆችን ሰብስቦ ያስተማረ፣ «ከቃሉ በፊት ነገሩን አሳዩ» የሚል አስተማሪ ነው። ፍሩብል በኋላ በርሊን ገብቶ በማዕድን ቤተ መዘክር ክሪስታል ድንጋዮችን ሲለይና ሲደረድር ሠራ። ያ የድንጋይ ቅርጽ ከጭንቅላቱ አልወጣም።

በ1837 ባድ ብላንከንቡርግ በምትባል ትንሽ ከተማ የሕፃናት ማጫወቻና ማስተማሪያ ከፈተ። በ1840 ስም አወጣለት፦ ኪንደርጋርተን፣ የልጆች የአትክልት ቦታ። እኛ ዛሬ «ኬጂ» እያልን ስናሳጥረው ቲማቲሙም ካሮቱም ከስሙ ውስጥ ጠፍቷል እንጂ ፍሩብል ቃሉን የተጠቀመው ለጌጥ አልነበረም። ልጆቹ እያንዳንዳቸው የሚኮተኩቱት ትንሽ መደብ ነበራቸው።

ለጨዋታ ያዘጋጃቸውን ዕቃዎች «ስጦታዎች» ይላቸዋል። የመጀመሪያው ስጦታ ከክር የተሠሩ ስድስት ባለቀለም ለስላሳ ኳሶች ናቸው። ሁለተኛው ድቡልቡል፣ ኪዩብና ሲሊንደር፣ ሦስቱም ከእንጨት። ሦስተኛው ወደ ስምንት ትናንሽ ኪዩቦች የሚፈታ አንድ ኪዩብ። ልጅ ይፈታዋል፣ ይገጥመዋል፣ ቤት ያደርገዋል፣ ወንበር ያደርገዋል። ግማሽና ሩብ የሚባል ነገር ቃሉን ከመስማቱ በፊት በመዳፉ ያውቀዋል።

ይህ ሁሉ ምን ያስፈራል? የፕሩሲያን መንግሥት አስፈራ። በነሐሴ 1851 የባህልና ትምህርት ሚኒስትሩ ኪንደርጋርተን እንዲዘጋ አዘዘ፤ ሶሻሊዝምና ክህደት ያስፋፋል ተባለ። ለነገሩ መንግሥትን ያስቆጡት የወንድሙ ልጅ የካርል ፍሩብል ጽሑፎች ነበሩ፤ ዳፋው ለአጎትየው ተረፈ። ሽማግሌው አቤት ቢልም የሚሰማው አጣ። በ1852 ሞተ፤ እገዳው የተነሳው በ1860 ነው። መቃብሩ ላይ የቆመው ሐውልት ድቡልቡል፣ ሲሊንደርና ኪዩብ ነው።

እገዳው ግን ዘሩን በተነው። ከጀርመን የተሰደዱ ሰዎች ኪንደርጋርተንን ይዘው ሄዱ። በ1856 ማርጋሬቴ ሹርዝ የምትባል ስደተኛ አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ውስጥ፣ የመጀመሪያውን ከፈተች። በ1876 የፊላደልፊያ ኤግዚቢሽን ላይ የፍሩብልን ዕቃዎች ያየች አንዲት እናት ለልጇ ገዛችለት። ልጁ በኋላ ዝነኛው አርክቴክት ፍራንክ ሎይድ ራይት ሆነ፤ አርጅቶም የእነዚያ እንጨቶች ስሜት ከጣቶቹ እንዳልጠፋ ጽፏል።

አሸዋውም ከዚያው አገር ነው የመጣው። ማሪ ዛክሼቭስካ የምትባል ሐኪም በርሊን መናፈሻዎች ውስጥ ልጆች የሚጫወቱበት የአሸዋ ክምር አይታ ቦስተን ላሉ ወዳጆቿ ጻፈች። በ1885 ስደተኞች ተጨናንቀው በሚኖሩበት የቦስተን ሰፈር አንድ ክምር አሸዋ ተደፋ። አሜሪካ ውስጥ የሕዝብ መጫወቻ ሜዳ የሚባለው ነገር ታሪክ ሲጻፍ ከዚህ አሸዋ ነው የሚጀምረው።

ፍርፋሪ

አሁን ወደ ሮዙ ኪዩብ ደረስን። ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1870 ጣሊያን ውስጥ ተወለደች፤ በ1896 ከሮም ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቀች። በዚያ ዘመን ጣሊያን ውስጥ ሴት ሐኪም በጣት የሚቆጠር ነው። ሥራዋ የሮምን የአእምሮ ሕሙማን ማቆያዎች ያስጎበኛት ነበር። እንደሚተረከው አንድ ቀን ባዶ ክፍል ውስጥ የታጎሩ ልጆች አየች። ጠባቂዋ በመጸየፍ «ምሳ በልተው ሲጨርሱ ወለሉ ላይ ተደፍተው ፍርፋሪ ይለቅማሉ» አለቻት። ሞንቴሶሪ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየችው። ከፍርፋሪው በቀር በእጅ የሚያዝ አንዳች ነገር አልነበረም።

ያን ጊዜ ነው የኢታርንና የሴጋንን መጻሕፍት የፈለገቻቸው። ወደ ጣሊያንኛ እየመለሰች፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በእጇ ገለበጠቻቸው። በ1900 በተከፈተ ትምህርት ቤት ውስጥ ሁለት ዓመት ያህል እነዚያን «አይማሩም» የተባሉ ልጆች በሚዳሰሱ ዕቃዎች አስተማረች፤ አንዳንዶቹ ማንበብና መጻፍ ተምረው ከሌሎች ልጆች ጋር ተፈትነው አለፉ። ሰው ሲደነቅ እሷ ሌላ ጥያቄ ጠየቀች። እነዚህ ልጆች ከጤነኞቹ እኩል ከሆኑ ጤነኞቹን በየትምህርት ቤቱ ምን እያደረግናቸው ነው?

መልሱን የምትፈልግበት ዕድል የመጣው ከቤት አከራዮች ነው። ሳን ሎሬንሶ የሮም የድሃ ሰፈር ነው። አንድ የቤቶች ኩባንያ ሕንጻዎቹን አድሶ ሠራተኛ ቤተሰቦችን አስገባ። እናትም አባትም ሥራ ሲውሉ ልጆቹ ደረጃውን ያበላሻሉ፣ ግድግዳውን ይሞነጫጭራሉ። ለቀለም ደጋግሞ ከመክፈል ልጆቹን የሚጠብቅ ሰው መቅጠር ይረክሳል ተባለ። በጥር 6 ቀን 1907 «የልጆች ቤት» ተከፈተ። አምሳ ያህል ሕፃናት፣ አንዲት ረዳት፣ የተለየ በጀት የለም። የዓለምን ትምህርት የለወጠው ቤት የተከፈተው ግድግዳ እንዳይቆሽሽ ተብሎ ነው ብል ብዙም አልዋሸሁም።

ከአሥር ኪዩቦች የተሠራው ሮዙ ማማ እዚህ ቤት ነው ዝነኛ የሆነው። ትንሹ ጎኑ አንድ ሴንቲ ሜትር፣ ትልቁ አሥር ነው። ልጁ ሲያነሳቸው ትልቅነቱን ዓይኑ፣ ክብደቱን ክንዱ ይነግረዋል። ከተሳሳተ ማማው ራሱ ይናገራል፤ ቀይ እስክሪብቶ አያስፈልግም። በተሸፈነ ዓይን የሚለዩ ጨርቆች፣ ሲነቀነቁ የተለያየ ድምፅ የሚያሰሙ ሣጥኖች ነበሩ። ፊደላቱ ደግሞ አናጺ እንጨት ከሚያለሰልስበት ከብርጭቆ ወረቀት ተቆርጠው ሰሌዳ ላይ ተለጥፈዋል። ልጁ በሁለት ጣቱ እየተከተለ ድምፁን ይጠራል። ጥቂት ወራት አልፈው የአራትና የአምስት ዓመት ልጆች ማንም ሳያስገድዳቸው በጠመኔ ወለሉ ላይ መጻፍ ጀመሩ። ከደብተሩ በፊት ጣታቸው ጽፎ ጨርሶ ነበር።

እዚህ ላይ የእህቴን ልጅ አስቡት። የእሱ ጣት ያለፈበት ፊደል የለም፤ በቀጥታ እርሳስና መስመር። የተሰበረው እርሳስ ሦስት ጊዜ ሊነግረን ሞክሯል።

ቁምሳጥኑ እንዴት ተቆለፈ?

ታዲያ የሳን ሎሬንሶ ዕቃ እንዴት ባለሀብት ሰፈር ገባ? አንዱ መልስ ዝና ነው። ጎብኚ ከየአገሩ ጎረፈ። አሜሪካ ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ የሞንቴሶሪ ትምህርት ቤቶች አንዱ በ1911 ኒውዮርክ አጠገብ ታሪታውን ውስጥ ሲከፈት ተማሪዎቹ የደህና ቤተሰብ ልጆች ነበሩ። ለሠራተኛ ልጅ የተፈተነው ነገር በአራት ዓመት ውስጥ ባሕር ተሻግሮ የሌላ መደብ ሆነ።

ሁለተኛው መልስ ስሙ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1967 የንግድ ምልክት ክርክር ተነስቶ «ሞንቴሶሪ» የዘዴ መጠሪያ እንጂ የማንም የግል ስም አይደለም ተብሎ ተወሰነ። በብዙ አገርም ይኸው ነው፤ ቃሉን በሩ ላይ የሚጽፍ ሁሉ ሥልጠና አለው ማለት አይደለም። ቀለምና ብሩሽ ያለው ሊጽፈው ይችላል።

ሦስተኛው መልስ ከራሱ ከዘዴው ይመጣል፤ ይህንን ካልነገርኳችሁ ታሪኩን አሳምሬዋለሁ። ሞንቴሶሪ ዕቃዎቿ ለታሰቡለት ነገር ብቻ እንዲውሉ ትፈልግ ነበር፤ ሮዙን ማማ ባቡር አድርጎ «ዱዱዱ» ለሚል ልጅ ብዙ ትዕግሥት አልነበራትም። አሜሪካዊው ዊልያም ኪልፓትሪክ በ1914 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ነቀፈ፦ ዕቃው ጠባብ ነው፣ ለፈጠራ ቦታ አይሰጥም። የፍሩብልም ተከታዮች እሱ ከሞተ በኋላ ስጦታዎቹን በትእዛዝ የሚነሱና የሚቀመጡ አድርገዋቸው ነበር፤ «ኪዩቡን አንሱ፣ ወደ ቀኝ አድርጉ»። ሕያው የነበረ ሐሳብ ሥርዓት ሲሆን ይደርቃል፤ ሲሸጥ ደግሞ ይቆለፋል።

የሴትየዋ የራሷ ሕይወትም ቀላል አልነበረም። በ1898 የወለደችውን ልጇን ማሪዮን በዘመኑ ይሉኝታ ምክንያት ገጠር ሰው ዘንድ አሳደገችው፤ ከእሷ ጋር መኖር የጀመረው ካደገ በኋላ ነው። በ1920ዎቹ ከሙሶሊኒ መንግሥት ድጋፍ ተቀበለች፤ በኋላ ተጣሉና በ1934 ትምህርት ቤቶቿ ጣሊያን ውስጥ ተዘጉ፤ ናዚዎችም ጀርመን ያሉትን ዘግተዋል። በ1939 ሕንድ ሄዳ ጦርነቱ እስኪያልቅ እዚያው ቆየች። በ1952 ሆላንድ ውስጥ አረፈች።

ዘዴው ይሠራል ወይ? በ2006 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት ሚልዋኪ ከተማ ውስጥ በዕጣ የሕዝብ ሞንቴሶሪ ትምህርት ቤት የገቡና በዕጣ ያጡ ልጆችን አወዳደረ። ዕጣ የወጣላቸው በአምስት ዓመታቸው ሲፈተኑ በንባብም በሒሳብም የተሻሉ ሆነው ተገኙ፤ መጫወቻ ሜዳ ላይም ከጓደኞቻቸው ጋር የበለጠ ይስማሙ ነበር። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ግን ልብ በሉ፣ ልጆቹ የከተማ መሀል ልጆች፣ ትምህርት ቤቱም የሕዝብ ነው። ውጤቱ ከክፍያው ጋር አልተያያዘም።

ታንክ የሸጡ ወላጆች

አንድ ታሪክ ልጨምር፤ አሁንም ጣሊያን ነን። በ1945 የጸደይ ወራት ጦርነቱ አብቅቷል። ሬጆ ኤሚሊያ አቅራቢያ ቪላ ቼላ የምትባል መንደር ነዋሪዎች ጀርመኖች ጥለውት የሄዱትን አንድ ታንክ፣ ጥቂት የጭነት መኪናዎችና ፈረሶች ሸጡ። በገንዘቡ ለትናንሽ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ለመሥራት ወሰኑ። ጡቡን ከፈረሱ ቤቶች ለቀሙ፣ አሸዋውን ከወንዝ አመጡ። ሎሪስ ማላጉዚ የሚባል ወጣት መምህር ወሬውን ሰምቶ በብስክሌት ሄዶ አየ፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ አልተለያቸውም። በ1963 ከተማዋ የመጀመሪያውን የማዘጋጃ ቤት መዋዕለ ሕፃናት ከፈተች፤ በ1991 «ኒውስዊክ» ከከተማዋ መዋዕለ ሕፃናት አንዱን ከዓለም ምርጦች ተርታ መደበው።

እዚያ የተቆለፈ ቁምሳጥን የለም። ጭቃ፣ ሽቦ፣ ውሃ፣ ብርሃንና ጥላ፣ ፋብሪካ የጣለው ቁርጥራጭ ሁሉ መማሪያ ነው። በ1996 ከፋብሪካዎች የሚተርፈውን ቁርጥራጭ ለልጆች የሚያከፋፍል ማዕከል ሳይቀር ከፍተዋል።

እኛስ?

እኛ አገር ይህ ሁሉ አዲስ ነገር ነው ብሎ የሚያስብ ካለ እቃቃ ተጫውቶ አያውቅም። የጭቃ በሬ፣ የቆርቆሮ መኪና፣ የጨርቅ ኳስ፣ ቅልልቦሽ፣ ብይ፣ ገበጣ። ቅልልቦሽ ስትጫወት ያደገች ልጅ ዓይኗና እጇ እንዲስማሙ ያደረገ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ አልነበረም፤ አምስት ጠጠር ነው። የቄስ ትምህርት ቤቱም ቢሆን (አለንጋውን ትተን) ፊደልን በጣት ወይም በስንደዶ እያስጠቆመ፣ ድምፅን እያስጮኸ ነው ያስቆጠረን። ያኔ ጨዋታው ከሰፈር፣ ፊደሉ ከየኔታ ነበር። ዛሬ ግን ሰፈሩ ኮንዶሚኒየም፣ ኬጂው በተከራየ ቪላ ውስጥ ሆኖ ግቢው ኮብልስቶን ነው። ጭቃው ከሁለቱም ወገን ጠፍቷል፤ የቀረው ደብተሩ ነው።

ወረቀት ላይ ጥፋት የለብንም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መዋዕለ ሕፃናት የልጁን ሁለንተናዊ ዕድገት ያስቀድማል ይላል። በ2002 ዓ.ም. ለቀዳማይ ልጅነት ብቻ የተዘጋጀ የፖሊሲ ማዕቀፍ ወጣ፤ «ዜሮ ክፍል» የሚባለው በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተስፋፋ። በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ፖሊሲ ሁለት ዓመት ቅድመ አንደኛን ከሥርዓቱ ውስጥ አስገባ። ችግሩ ያለው እኛ ወላጆች፣ አጎቶችና አክስቶች ጋርም ነው። የተሞላ ደብተር ስናይ ገንዘባችን ሥራ ላይ የዋለ ይመስለናል። የጨቀየ ልብስ ሲመጣ ግን ትምህርት ቤቱን «ምን ስትሠሩ ዋላችሁ?» ብለን የምንጣላው እኛው ነን። መምህርቷ ቁምሳጥኑን የቆለፈችው እኛን ፈርታ እንደሆነስ?

ኢታር ሙቅ ውሃ ነበረው። ፍሩብል ክርና እንጨት። ቦስተን አንድ ክምር አሸዋ። ሞንቴሶሪ ብርጭቆ ወረቀት። ከእነዚህ ውስጥ መርካቶ የማይገኝ የቱ ነው? ትሪ ላይ የተበተነ ጤፍ ፊደል ይጻፍበታል፤ ተነቅንቆ ይጠፋል፤ እርሳስም አይሰበርም። ሽምብራና ባቄላ ይለያል (አፍንጫው ውስጥ እንዳይከት ትልቅ ሰው አጠገቡ ይሁን)። ዓይን ተሸፍኖ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ በሽታ ይታወቃል፤ ጋቢና ነጠላ በዳሰሳ ይለያል። ሁለት ኩባያና አንድ ሳፋ ውሃ የሙሉ ከሰዓት ትምህርት ነው። የሚያስቸግረው ዕቃው አይደለም። አጠገቡ ቁጭ ብሎ፣ ሳያጣድፉ፣ ልጁ ምን እያደረገ እንዳለ የሚያይ ሰው ነው የሚጠፋው።

ያን እሑድ የእህቴ ልጅ ከእንቅልፉ ሲነሳ ሊጡ ገና አልተደፋም ነበር። እህቴ አየችኝ፤ አየኋት። አንድ ጭብጥ ቆርጣ ሰጠችው። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ድምፁ አልተሰማም። ጠፍጥፎ፣ አድቦልቡሎ፣ መልሶ አፍርሶ በመጨረሻ «እባብ ነው» ያለውን ረጅም ነገር ከድፎው ጎን ጋገርንለት። እንደ ድንጋይ ደረቀ። እውነትም ለራት አልበቃም።

ደብተሩ ላይ ግን ገና አንድ ገጽ ተኩል ይቀረዋል። እህቴ ሰኞ ጠዋት ለመምህርቷ ምን እንደምትላት እስክለያት ድረስ አልወሰነችም ነበር።